ላልቶ ይነበብ

ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ፣ የሕግ ክፍል ጸሐፊ፣
ቀን ረቂቅ ተያቢ፣ ማታ ድልድይ አላፊ።
ቤቴ አቃቂ ወንዝ ዳር፣ ሦስተኛው የቆርቆሮ በር፤
ቀን መቁጠሪያ አንሰቅልም እኛ ሰፈር፦
ውሃው ሰማያዊ ሲሆን «ማክሰኞ ነው» እንላለን፣
ቡናማ አረፋ ሲደፍቅ ዓርብ መድረሱን እናውቃለን።

አምና በጥቅምት ረቂቁ ከእጄ ሲወጣ ጥሬ ነበር፣
ጸጉሩ ያልረገፈ፣ መዳፍ የሚከረክር።
አንቀጽ ሰባት፦ «ያልተጣራ ፍሳሽ ወደ ወንዝ መልቀቅ ተከልክሏል።»
አራቱ ነጥብ አራት ካስማ፤ ቃሉን ወጥሮ ይዞታል።

ከዚያ «የባለድርሻ አካላት ምክክር» ተባለ፤
ቱሉ ዲምቱ አደባባይ አዲስ ሆቴል አለ፣
ቀለሙ ያልደረቀ። በየወንበሩ ፊት
የታሸገ ውሃ፣ ስለ ወንዝ ስንመክር የምንጎነጫት።

አቶ ምናሴ ቀድመው መጡ፣ ከቆዳ አምራቾች ማኅበር፣
የእናቴን ስኳር ጠየቁኝ፣ መድኃኒቷን በስም ጭምር።
ፖስታ አላየሁም፤ እውነቱን ልናገር፣ ማንም ለማንም አልሰጠ፤
ስምንት ጊዜ ነው የመጡት፤ አርባ ሁለት ገጽ ነው፣ በጥራዝ፣
ጠረጴዛችን ላይ የተቀመጠ።
«ሦስት ሺህ ጉሮሮ አለ በዚህ በር» አሉ። ውሸት አይደለም።
አንዱ የወንድሜ ነው፤ ጨው ክፍል ነው፣ እጁ
ሳይሰነጠቅ ከርሞ አያውቅም።

አዴ ዋሪቱ አልመጡም። የጥሪው ደብዳቤ ወረዳ ደርሶ
ማኅተም እስኪያርፍበት፣ ምሳው ተበልቶ ጉባኤው ፈርሶ።
በኋላ አንዲት ቅጠል ከልጃቸው ደብተር ተገንጥላ መጣች፣
የአውራ ጣት አሻራ በግርጌዋ ያዘለች፦
«ቆስጣዬን በዚህ ውሃ ነው የማጠጣው።
የምትበሉት ግን እናንተ ናችሁ።»
የት ላድርጋት? አባሪ አራት፣ «ሌሎች አስተያየቶች»።
ብቻዋን ነበረች እዚያ፣ በብዙ ቁጥር ተጠርታ።

ጥሬ ቆዳ እንዴት እንደሚለፋ ወንድሜ አስረድቶኛል፦
መጀመሪያ ጨው፣ ቀጥሎ ኖራ፣ ጸጉሩን ያረግፈዋል፣
ከዚያ በርሜል ውስጥ ገብቶ ሲዞር ውሎ ሲዞር ያድራል።
ረቂቁም እንደዚያው።
«ተከልክሏል» ጸጉሩ ረግፎ «አይፈቀድም» ሆኖ መጣ፣
«አይፈቀድም» በርሜል አድሮ «አይበረታታም» ሆኖ ወጣ፤
«ያልተጣራ» በሚለው ጎን «እንደ አቅሙ» ተለጠፈ፣
ከአንቀጽ ስምንት «ወዲያውኑ» ለአምስት ዓመት አረፈ።
እያንዳንዱን እኔ ተየብኩት። በእነዚህ ጣቶች።
እኛ ለፋን፣ እነሱ አለፉት፤
ፊደሉ አንድ ነው፤ ያሻችሁ አጥብቁት፣ ያሻችሁ አላሉት።

ረቂቅ ቢሉ፣ አንድም ገና ያልጸደቀ፣
አንድም ዓይን የማያየው፣ እጅ የማይዘው፣ የረቀቀ።
የእኛው ሁለቱንም ሆነ።

ኋላ ጸደቀ። አንቀጽ ሰባት አሁን እንዲህ ይነበባል፦
«የወንዙ ንጽሕና ይጠበቃል።»
ያምራል። ማን እንደሚጠብቅ አይናገርም።
እንደ ግምጃ ቤት ይጠበቃል?
ወይስ፣ በዝናብ፣ ፌርማታ ላይ፣
እንደ አውቶቡስ ይጠበቃል?

ትናንት ድልድዩ ላይ አዴ ዋሪቱ አስቆሙኝ፦
«ወረቀቴ ደረሰ?»
«ደርሷል» አልኳቸው። አልዋሸሁም።
ምን ሆነ ብለው አልጠየቁም፤ ሦስት እስር ቆስጣ አስያዙኝ።

ቤት ገብቼ አጠብኩት። ውሃ ቀየርኩ፣ ደግሜ አጠብኩት።
እናቴ ከወዲያ ክፍል «ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?» አለች፤
በመስኮት አይቼ ነገርኳት።